ስለ መድኃኒት ቅጠል ምግብና በቅጠሉ ላይ ስለሚረጭ ማዕድን

በብዙ ቤት ጓሮ ጤና አዳም ወይም ዳማ ከሴ፥ በሶብላ ወይም ናና ይገኛል። እንግዳ በመጣ ጊዜ፥ ምች የመታው ሰውም በተገኘ ጊዜ፥ እመቤቲቱ ፈጥና የምትሄደው ወደዚሁ ጓሮ ነው። እንግዲህ የቅጠሉ መታመም የቤቱ ሁሉ ጉዳይ ስለ ሆነ፥ በእኛ የደረሰውን ለአንባቢዎቻችን ልንገልጥ ወደድን።

ባለፈው ዓመት በጓሮአችን የነበረው ናና ለጋ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ አረንጓዴ ሆኖ የቀረው የቅጠሉ ጅማት ብቻ ነበር። ውሃ አጠጣነው፤ ፍግም ጨመርንበት፤ ነገር ግን አልዳነም። በኋላ ስንመረምር፥ ከምድጃ የሚወጣው አመድ ሁሉ በግርጌው ይደፋ ኖሮአል። አመድ እንደ ኖራ ያለ ጠባይ አለው፤ በበዛበት አፈር ውስጥ ብረትና ዚንክ ቢኖርም እንኳ፥ ሟሙቶ ወደ ሥሩ ሊገባ አይችልም። ተክሉም በማዕድ አጠገብ እጁን ታስሮ እንደሚራብ ሰው ይሆናል።

ብረት ለቅጠሉ አረንጓዴነት፥ ዚንክም ለእድገቱ ያስፈልጋል፤ የሚፈለጉት ግን እጅግ በጥቂቱ ነው። በሥር በኩል መንገዱ ሲዘጋ በቅጠሉ በኩል ማብላት ይቻላል። ይህንንም ኤውዜብ ግሪስ የተባለ ፈረንሳዊ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1840ዎቹ ዓመታት፥ ብረት ያለበት ጨው የሟሟበትን ውሃ በቢጫ ቅጠል ላይ አድርጎ፥ ቅጠሉ አረንጓዴ ሲሆን አሳይቶአል። ዚንክ ለተክል የግድ አስፈላጊ መሆኑን ደግሞ በ1926 ሶመርና ሊፕማን በካሊፎርኒያ አስረድተዋል።

የናና መዓዛ የሚወጣው ዓይን ለይቶ በማያያቸው፥ በቅጠሉ ፊት ላይ በሚገኙ ትናንሽ ከረጢቶች ውስጥ ካለው ዘይት ነው። ቅጠሉ ዘይቱን የሚያዘጋጀው በፀሓይ ብርሃን ከሠራው ስኳር ስለ ሆነ፥ የተራበ ቅጠል ዘይቱ ያንሳል። በህንድ፥ በግብፅና በኢራን የተደረጉ ምርመራዎችም፥ ማዕድን በጎደለበት መሬት ናናና በሶብላ ብረት ወይም ዚንክ ሲያገኙ ቅጠላቸውም ዘይታቸውም ሊጨምር እንደሚችል አመልክተዋል። ሆኖም ቅጠሉ በዝቶ ከእያንዳንዱ ቅጠል የሚገኘው ዘይት የሚቀንስበት ጊዜ አለና፥ በቅጠሉ ስፋት ብቻ መደሰት አይገባም።

እኛ ይህን ከሰማን በኋላ፥ ብዙ ብንጨምር ፈጥኖ ይድናል ብለን፥ የብረት ሰልፌቱን አወፍረን በቀትር ረጨነው፤ በማግሥቱ ቅጠሉ ጠቁሮ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲያ ግብርና የሚያውቅ ወዳጃችን መክሮን፥ 2 ግራም በ1 ሊትር ውሃ አሟምተን፥ አስቀድመን በአንድ ቅርንጫፍ ፈትነን፥ ፀሓይ ከበረደ በኋላ የቅጠሉን ላይና ታች አረጠብነው። የተረጨው ቅጠል አረንጓዴ ሆነ፤ አዲስ የበቀለው ግን ቢጫ ሆኖ ወጣ፤ ብረት ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው በቀላሉ አይሻገርምና። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደገምነው፤ አመዱንም ወደ ሌላ ስፍራ አስደፋን።

እንግዲህ የተከበራችሁ ወይዛዝርት፥ ርጭት የሚጠቅመው ለተራበ ተክል ብቻ ነውና፥ አስቀድማችሁ የረኃቡን ምክንያት መርምሩ። አዲስ የተረጨውንም ቅጠል ለቡናም ለመድኃኒትም አትቁረጡ፤ ጊዜ ሰጥታችሁ፥ በሚገባ አጥባችሁ ተጠቀሙበት። መዳኑንም ለማወቅ ቅጠሉን በጣታችሁ አሽታችሁ አሽትቱት፤ የመድኃኒት ቅጠል ዋጋው በመዓዛው ነውና።