«ሰዓት»፣ «ዕለት»ና «ዑደት» በመራቢያ ሆርሞኖች ጥናት

በአማርኛ «ሰዓት» የሚለው ቃል የመቁጠሪያውን መሣሪያ፣ የሚቆጠረውን መጠንና የሚጠቀሰውን ጊዜ በአንድነት ይይዛል። በዘወትር ንግግር ይህ ችግር አያስከትልም፤ ስለ እንስት አጥቢዎች የመራቢያ ሆርሞኖች በሚተረጎም ጽሑፍ ግን ፍሬ ነገሩን ሊያፋልስ ይችላል። ስለዚህ ነገሩን ካብራራን በኋላ ለተርጓሚዎች ይረዳሉ የምንላቸውን ስያሜዎች እናቀርባለን።

በአብዛኞቹ የአጥቢ እንስሳት ሕዋሳት ውስጥ ጊዜ የሚቆጥሩ ጂኖች ይገኛሉ። ክሎክና ቢማል-1 የተባሉት ጂኖች ፕሮቲኖች፣ ፔርና ክራይ የተባሉትን ጂኖች ያነቃሉ። የኋለኞቹ ፕሮቲኖች ሲከማቹ በተራቸው አንቂዎቻቸውን ይገታሉ፤ ሲፈርሱም ሥራው እንደገና ይጀመራል። ዙሩ 24 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ፍራንዝ ሃልበርግ በ1959 እ.ኤ.አ. «ገደማ»ና «ዕለት» ከሚሉ የላቲን ቃላት «ሰርካዲያን» የሚለውን ስያሜ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። «ዕለታዊ» የሚለው ትርጉም «ገደማ»ን ስለሚያስቀር አይበቃም። «ተራራ የሚያክል» እንደሚባለው ሁሉ፣ «ዕለት-አከል ዑደት»፣ ጂኖቹንም «ጊዜ ቆጣሪ ጂኖች» ማለት ይሻላል።

የዑደቱ መሪ ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል የሚገኝ፣ ከዓይን የብርሃን መልእክት የሚቀበል ጥንድ የነርቭ ሕዋሳት ስብስብ ነው። በአይጦች የኢስትሮጅን መጠን በበቃ ጊዜ፣ ይህ ክፍል በኪስፔፕቲን አመንጪ ሕዋሳት በኩል ትእዛዝ ያስተላልፋል፤ ፒቱታሪ ዕጢም ኤል ኤች የተባለውን ሆርሞን ባንድ ጊዜ በብዛት ይለቃል፤ እንቁላልም ይወጣል። ይህን አለቃቀቅ «ጭማሪ» ማለት ያሳንሰዋል፤ ከደራሽ ውሃ ወስደን «የሆርሞን ደራሽ» ብንለው ይስማማል። የክሎክ ጂን በተበላሸባቸው እንስት አይጦች ደራሹ ይጓደላል፤ ቢማል-1 በሌላቸው ደግሞ ፕሮጄስትሮን ስለሚያንስ ፅንስ አይጸናም።

ኤቨረትና ሶየር በ1950 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በአይጠ መጎጥ የደራሹ ትእዛዝ የሚተላለፈው ከቀትር በኋላ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መሆኑን፣ ያን ጊዜ በማደንዘዣ ቢታገድም እንቁላሉ በ24 ሰዓት እንደሚዘገይ አሳይተዋል። በእንግሊዝኛው አቆጣጠር ይህ ከ2 እስከ 4 ነው። ቁጥሩ እንዳለ ቢቀመጥ አንባቢው የጧቱን 2 ሰዓት ይረዳል፤ ስሕተቱ 6 ሰዓት፣ ተፈላጊው ጊዜ ግን 2 ሰዓት ብቻ ነው። በአንጻሩ ተመራማሪዎች መብራት ከበራበት አንሥተው «8» ሲሉ፣ ቁጥሩ ሳይነካ 8 ሆኖ ይቀራል። ይህኛው አቆጣጠር ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። 11 ዲግሪ ሰሜን ገደማ ላይ በሚገኘው በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ የቀኑ ርዝመት በዓመት ውስጥ ከ1 ሰዓት ተኩል በላይ አይለያይም፤ ስለዚህ ከንጋት ጀምሮ የሚቆጥረው ገበሬ ከብርሃን ጀምሮ ይቆጥራል ማለት ነው።

«ዑደት»ም ጥንቃቄ ይሻል። የአርዲቦ አርቢ «ላሟ ኮርማ ፈለገች» ይላል እንጂ ስለ ወር አበባ አይናገርም። ይህ ዑደት በላም 21፣ በበግ 17፣ በአይጠ መጎጥ 4 ወይም 5 ቀን ገደማ ነው። በመሆኑም «የወር አበባ ዑደት» ለሰውና ለጥቂት አጥቢዎች ተወስኖ፣ ለሌሎቹ «የድራት ዑደት» ቢባል ተገቢ ነው እንላለን። ተርጓሚውም ቁጥር ከመጻፉ አስቀድሞ ቆጠራው ከየት እንደሚነሣ ይመርምር።