ተጨማሪ መረጃ፦ ጋዜጠኛውን የቀደመ የዐይን ምስክር
ጥር 7 ቀን 2001 ዓ.ም. 155 ሰዎችን የያዘ አንድ የአሜሪካ አውሮፕላን፣ ሞተሮቹ በአዕዋፍ መንጋ ተመትተው ኃይላቸውን በማጣታቸው፣ በኒው ዮርክ ከተማ አጠገብ በሚፈሰው የሀድሰን ወንዝ ላይ ባረፈ ጊዜ፣ ተሳፋሪዎቹ በክንፎቹ ላይ ተደርድረው መቆማቸውን ለዓለም ቀድመው ካሳዩት አንዱ ጋዜጠኛ ሳይሆን፣ ለርዳታ በቀረበች ጀልባ ላይ የነበረ መንገደኛ ነበር፤ እርሱም በእጅ ስልኩ ያነሣውን ሥዕል ወዲያውኑ በትዊተር አሰራጨው። ዜናን ቀድሞ የመናገር ዕድል እንዲህ ለዐይን ምስክሩ ሁሉ ስለ ተከፈተ፣ የጋዜጠኛው ዐቢይ ተግባር የተሰማውን መርምሮ፣ ሥዕሉ መቼና የት እንደ ተነሣ አረጋግጦ፣ እውነቱን ከሐሰቱ መለየት ሆኗል። ይሁን እንጂ ይህ ቀድሞ የመናገር ዕድል ያለ ኃላፊነት አልተሰጠምና፣ በአገራችን የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ስርጭት ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ የተፈጸመውን ጥፋት በብሮድካስትና በኅትመት ከተፈጸመው ጋር በአንድ ተርታ አስቀምጦ ቅጣቱን አክብዶታል፤ ስለዚህ ብዙ ተከታይ ያፈራ ግለሰብ፣ የዝግጅት ክፍል ባይኖረውም እንኳ፣ ስለሚያሰራጨው ቃል እንደ ጋዜጣ አዘጋጅ ይጠየቃል።