ባቡሩ ለምን ቶሎ ቶሎ አይመጣም? የነጠላ ሐዲድ ሒሳብ

በባቡር ጣቢያ ቆሞ ሰዓቱን ደጋግሞ የሚያይ ሰው በልቡ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ለምን አንድ ባቡር አይጨምሩም?» ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሐዲዱ ተዘርግቷል፤ ኤሌክትሪኩ አለ፤ ተሳፋሪውም ቆሞ ይጠብቃል። ይሁን እንጂ የባቡር ድግግሞሽ በኃላፊዎች በጎ ፈቃድ ብቻ የሚወሰን ጉዳይ አይደለም። ርቀት፣ ጊዜና የሐዲዱ አዘረጋግ የሚደነግጓቸው ጥብቅ ሕጎች አሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሕጎች ከአንድ እውነተኛ መስመር ጋር አያይዞ ማስረዳት ነው። ተሳፋሪውን «ታገሥ» ለማለት አይደለም፤ ይልቁንም ተገቢውን ነገር መጠየቅ የሚችለው አስቀድሞ ማነቆውን የለየ ሰው መሆኑን ለማሳየት ነው።

አንድ መስመር፣ አንድ ባቡር

ከለንደን በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ኸርትፎርድሽር በሚባለው ክፍለ ግዛት፣ ዋትፎርድንና ሴንት ኦልባንስን የሚያገናኝ አጭር የባቡር መስመር አለ። መስመሩ እ.ኤ.አ. በ1858 የተከፈተ ሲሆን፣ በሴንት ኦልባንስ በሚገኘው ጥንታዊ ገዳም ስም «አቢ ላይን» ተብሎ ይጠራል። ርዝመቱ 10.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱን ጫፎች ጨምሮ ሰባት ጣቢያዎች አሉት። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚደረገው ጉዞ 16 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በዋትፎርድ ጃንክሽን ጣቢያ ተሳፋሪው ወርዶ ወደ ለንደን በሚሄዱ ባቡሮች መሳፈር ይችላል።

መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ነጠላ ሐዲድ ነው። በመሆኑም ለረዥም ዓመታት ሲያገለግል የቆየው አንድ ባቡር ብቻ ሲሆን፣ ይኸው ባቡር እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። በጊዜ ሰሌዳው መሠረት በሁለት ተከታታይ ባቡሮች መካከል የነበረው ልዩነት 45 ደቂቃ ነበር። የአካባቢው ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ይህ ልዩነት ወደ 30 ደቂቃ እንዲያጥር ለብዙ ዓመታት ሲጠይቁ ኖረዋል።

ለመሆኑ 45 ደቂቃ ከየት መጣ? ስሌቱን ማንም ሊሠራው ይችላል። መሄጃው 16፣ መመለሻው 16፣ በድምሩ 32 ደቂቃ ይሆናል። ባቡሩ በየጫፉ ሲደርስ ተሳፋሪዎች ይወርዳሉ፤ ሌሎች ይሳፈራሉ፤ ነጂውም ከአንዱ የመንጃ ክፍል ወርዶ በሌላው ጫፍ ወዳለው ይሄዳል። ለዚህ በየጫፉ 5 ደቂቃ ብንመድብ ሙሉው ዙር 42 ደቂቃ ይወስዳል። ለመጠባበቂያ 3 ደቂቃ ሲጨመርበት 45 ይሆናል። ከዚህ የምናገኘው አጠቃላይ ሕግ የሚከተለው ነው።

የባቡሮች የጊዜ ልዩነት = የአንድ ሙሉ ዙር ጊዜ ÷ የባቡሮች ቁጥር

ባቡሩ አንድ እስከሆነ ድረስ ልዩነቱ ከዙሩ ጊዜ ሊያንስ አይችልም። ቁጣም ሆነ ልመና ይህን አይለውጠውም።

ተሳፋሪው የሚከፍለው ጊዜ

ሰዓት ሳይመርጥ ወደ ጣቢያ የሚመጣ ሰው በአማካይ የልዩነቱን ግማሽ ይጠብቃል። ልዩነቱ 45 ደቂቃ ሲሆን አማካይ ጥበቃው 22.5 ደቂቃ ነው፤ ይህም ከ16 ደቂቃው ጉዞ ይበልጣል። ልዩነቱ ወደ 30 ቢወርድ ጥበቃው 15 ደቂቃ ይሆናል፤ ትርፉም 7.5 ደቂቃ ነው።

ይህን ትርፍ ድግግሞሹ ሳይለወጥ ባቡሩን በማፍጠን ብቻ ማግኘት ይቻል ይሆን? ጉዞው 8.5 ደቂቃ ብቻ እንዲፈጅ ማድረግ ያስፈልጋል። በመካከል አምስት ጣቢያዎች አሉ። ፍጥነት መቀነሱ፣ በር መክፈቱና እንደገና መነሣቱ በእያንዳንዱ ጣቢያ አንድ ደቂቃ ያህል ያባክናል ብንል፣ ለጉዞ የሚቀረው 3.5 ደቂቃ ነው። 10.5 ኪሎ ሜትርን በ3.5 ደቂቃ ለመጨረስ ደግሞ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር መብረር ግድ ይላል። በየሁለት ኪሎ ሜትሩ ለሚቆም ባቡር ይህ የሚታሰብ አይደለም። በአጭር መስመር ላይ ዋናው ብክነት ያለው ከመንገዱ ይልቅ በመጠበቁ ላይ ነው።

«ተሳፋሪው የጊዜ ሰሌዳውን አይቶ ይምጣ» የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። ተገቢ ነው፤ ልዩነቱ ሲረዝም ሰዎች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ ጥበቃው ከጣቢያው ወደ ቤት ወይም ወደ ሥራ ቦታ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። ከዚህም ሌላ 45 ደቂቃ ለማስታወስ አስቸጋሪ ልዩነት ነው። ባቡሩ ልክ በሰዓቱ ቢነሣ ቀጣዩ በ45ኛው ደቂቃ፣ ከዚያም በ30ኛው፣ ከዚያም በ15ኛው ደቂቃ ይነሣል። ሥርዓቱ ራሱን የሚደግመው በየሦስት ሰዓቱ ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ወይም በየሰዓቱ ከሚነሡ ሌሎች ባቡሮች ጋር ለመገናኘት የሚቀረው ጊዜም አንድ ጊዜ ይሰፋል፤ ሌላ ጊዜ ይጠባል። የ30 ደቂቃ ልዩነት ግን በየሰዓቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሕፃንም አይረሳውም።

ባቡር መጨመር ብቻውን ለምን አይበቃም?

ባቡሮች በነጠላ ሐዲድ ላይ ፊት ለፊት ተገናኝተው መተላለፍ አይችሉም። ስለዚህ ሁለተኛ ባቡር ቢገዛ የሚቀረው አማራጭ አንዱን ከሌላው ኋላ ማስከተል ነው። በየጫፉ ሁለቱን የሚያስቆም ቦታ አለ እንበልና፣ ሁለተኛው ባቡር ከመጀመሪያው 5 ደቂቃ ዘግይቶ ይነሣ። ሁለቱ ተከታትለው ይሄዳሉ፤ ተከታትለውም ይመለሳሉ። ተሳፋሪው የሚያገኘው ልዩነት 5፣ 40፣ 5፣ 40 ደቂቃ እያለ የሚቀጥል ይሆናል።

አሁን አማካይ ጥበቃውን እናስላ። በ45 ደቂቃው ውስጥ በዘፈቀደ የሚመጣ ሰው በ40ው ክፍተት ውስጥ የመውደቅ ዕድሉ ከ45 40 እጅ ነው፤ ያን ጊዜ በአማካይ 20 ደቂቃ ይጠብቃል። በ5ቱ ክፍተት ውስጥ የመውደቅ ዕድሉ ከ45 5 እጅ ብቻ ሲሆን ጥበቃውም 2.5 ደቂቃ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ አማካዩ 18 ደቂቃ ያህል ይሆናል። በዚህ አሠራር በሦስት ሰዓት ውስጥ ከአንድ ጫፍ 8 ባቡሮች ይነሣሉ። እኩል በሆነ የ30 ደቂቃ ልዩነት ግን በሦስት ሰዓት የሚነሡት 6 ብቻ ናቸው፤ አማካይ ጥበቃው ግን 15 ደቂቃ ነው። የባቡሮቹ ቁጥር ሲያንስ ጥበቃው አጠረ ማለት ነው! ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰፊ ክፍተት ብዙ ሰዎችን ይይዛል፤ እያንዳንዳቸውንም ለረዥም ጊዜ ያቆያል። በአንድ ታክሲ ተራ ለረዥም ጊዜ ጠብቆ ሦስት ታክሲዎች ተከታትለው ሲመጡ ያየ ሰው ይህን ሕግ በተግባር ያውቀዋል።

መተላለፊያው የት ይሁን?

መፍትሔው በመስመሩ ላይ በአንድ ቦታ አጭር ሁለተኛ ሐዲድ መዘርጋት ነው። አንዱ ባቡር ወደዚህ መተላለፊያ ገብቶ ይቆማል፤ ሌላው በጎኑ ያልፋል። አራት ፉርጎ ያለው ባቡር 80 ሜትር ያህል ስለሚረዝም፣ መተላለፊያው ራሱ ኪሎ ሜትሮች መፍጀት የለበትም። ወሳኙ ጥያቄ ቦታው ነው።

ሁለት ባቡሮች በመተላለፊያው ተገናኝተው አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ምዕራብ ሄደ እንበል። ሁለቱም ጫፍ ደርሰው፣ ተሳፋሪ አውርደውና ጭነው፣ እንደገና በመተላለፊያው መገናኘት አለባቸው። መተላለፊያው በጉዞ ጊዜ ሲለካ ልክ መሃል ላይ ከሆነ እያንዳንዱ ባቡር 8 + 5 + 8 = 21 ደቂቃ ይወስድበታል። መተላለፊያው ከአንዱ ጫፍ 4፣ ከሌላው 12 ደቂቃ ቢርቅ ግን በረዥሙ ወገን የሄደው 12 + 5 + 12 = 29 ደቂቃ ይፈጅበታል። በአጭሩ ወገን የሄደው በ13 ደቂቃ ተመልሶ 16 ደቂቃ ያለ ሥራ ይቆማል። የመስመሩን ልዩነት የሚወስነው ረዥሙ ወገን ነው። ስለዚህ ያው አንድ መተላለፊያ፣ በቦታው ምክንያት ብቻ፣ ውጤቱ 21 ወይም 29 ደቂቃ ሊሆን ይችላል።

የአቢ ላይን ተሟጋቾች መተላለፊያው እንዲሠራበት የጠየቁት ቦታ ብሪኬት ውድ የተባለው ጣቢያ ነው። ጣቢያው ከመስመሩ መሃል ብዙም አይርቅም። በድሮ ጊዜ በዚያው ቦታ መተላለፊያ ነበረ፤ ኋላ ተነሥቷል። በእንፋሎት ዘመን የነበሩት መሐንዲሶችም ወደዚሁ ቦታ መድረሳቸው የሚያስገርም አይደለም።

ታዲያ ስሌቱ 21 ደቂቃ የሚያሳይ ከሆነ ስለ ምን 30 ይጠየቃል? ሁለት ባቡሮች በአንድ መተላለፊያ ሲገናኙ ዕጣቸው ይተሳሰራል። አንዱ ቢዘገይ ሌላውም ቆሞ ይጠብቀዋል፤ መዘግየቱ ወደ ሁለቱም ይዛመታል። በ21 እና በ30 መካከል ያለው 9 ደቂቃ ይህን መዘግየት የሚውጥ መጠባበቂያ ነው። መተላለፊያው ወጪ እንዳለውም መዘንጋት የለበትም፤ የሐዲድ መቀያየሪያ፣ የምልክት መብራቶች፣ ሁለተኛ ባቡርና ተጨማሪ ነጂዎች ያስፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 መስመሩን ወደ ቀላል ባቡር የመለወጥ ሐሳብ ቀርቦ የነበረ ቢሆንም ዕቅዱ ሳይፈጸም ቀርቷል።

«ተሳፋሪው ጥቂት ነው» ለሚለው መልስ

ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ዘወትር የሚሰጠው መልስ «ተሳፋሪው ጥቂት ነው» የሚል ነው። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ኸርበርት ሞህሪንግ እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ ከተማ አውቶቡሶች ባሳተመው ጥናት ለዚህ ክርክር የሚጠቅም ውጤት አሳይቷል። የአንድ መስመር ጠቅላላ ወጪ ሁለት ክፍል አለው። የማንቀሳቀሻው ወጪ ከድግግሞሹ ጋር አብሮ ያድጋል። የተሳፋሪዎች የጥበቃ ጊዜ ግን ድግግሞሹ ሲጨምር ይቀንሳል። ካልኩለስ የተማረ አንባቢ የሁለቱን ድምር ዝቅተኛ ነጥብ ቢፈልግ፣ ተገቢው ድግግሞሽ ከተሳፋሪዎች ቁጥር ዳግም ዘር፣ በተለምዶ ስኩዌር ሩት ከምንለው፣ ጋር ተመጣጣኝ ሆኖ ያገኘዋል።

ትርጉሙ እንዲህ ነው። የአንዱ መስመር ተሳፋሪ የሌላውን ሩብ ቢሆን፣ የሚገባው ድግግሞሽ ሩብ ሳይሆን ግማሽ ነው። ጥቂት ተሳፋሪ ያለው መስመር በቁጥሩ ልክ ብቻ ሲመዘን ከሚገባው በታች ያገኛል፤ ባቡሩ ስለማይደጋገም ተሳፋሪው ይሸሻል፤ ተሳፋሪው ስለሸሸም ባቡሩ አይጨመርም።

ወደ አገራችን ስንመለስ

የነጠላ ሐዲድ ጉዳይ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ድሬዳዋን አቋርጦ አዲስ አበባን ከጅቡቲ ያገናኝ የነበረው አሮጌው የምድር ባቡር ነጠላ ሐዲድ ነበር። አዲሱ መስመርም ከሰበታ እስከ አዳማ ጥንድ ሐዲድ ቢኖረውም ከአዳማ ወዲያ ነጠላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የተከፈተው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ግን ማነቆው ሌላ ነው። መስመሮቹ ጥንድ ሐዲድ ስለሆኑ ባቡሮች ያለ ችግር ይተላለፋሉ። ሆኖም የሰሜን ደቡቡና የምሥራቅ ምዕራቡ መስመር ከስታዲየም እስከ ልደታ በአንድ ሐዲድ ይጠቀማሉ። በጋራው ክፍል ባቡሮች በየ3 ደቂቃው ቢያልፉ፣ እያንዳንዱ መስመር በእኩል ተራ የሚያገኘው በየ6 ደቂቃው ነው። ከዚህም በላይ አገልግሎቱ በ41 ባቡሮች ቢጀመርም፣ ከዓመታት በኋላ በመለዋወጫ ዕቃ እጥረት ብዙዎቹ ከሥራ ውጭ ሆነው ታይተዋል። በላይኛው ሕግ መሠረት ሙሉ ዙሩ ለምሳሌ 120 ደቂቃ ቢሆን፣ 20 ባቡሮች በየ6 ደቂቃው፣ 10 ባቡሮች ግን በየ12 ደቂቃው ይመጣሉ። እዚህ ላይ ሐዲድ እንዲጨመር መጠየቅ ከንቱ ነው፤ መጠየቅ ያለበት የጥገናውና የመለዋወጫው ነገር ነው።

ስለዚህ የባቡር ድግግሞሽ እንዲጨምር አቤቱታ የሚያዘጋጅ ማንኛውም ሰው ሦስት ነገሮችን ይመርምር። ሙሉ ዙሩ ስንት ደቂቃ ነው? በሥራ ላይ ያሉት ባቡሮች ስንት ናቸው? ባቡሮች የሚተላለፉበት ወይም የሚጋሩት ቦታ የቱ ነው? መልሱ ከታወቀ የሚጠየቀው ነገርና የሚጠየቀው ክፍል አብረው ይታወቃሉ።

ተማሪዎች ይህን ራሳቸው ሊሞክሩት ይችላሉ። በአቅራቢያችሁ ካለ ጣቢያ ወይም ታክሲ ተራ አንድ ሰዓት ቁሙና በየመካከሉ ያለውን ልዩነት በደቂቃ መዝግቡ። እያንዳንዱን ልዩነት በራሱ አባዙና ደምሩ። ድምሩን ለጠቅላላው ጊዜ እጥፍ አካፍሉ። የምታገኙት ቁጥር ተሳፋሪው በአማካይ የሚጠብቀው ጊዜ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ የሚያልቅ ስሌት ነው፤ በኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ግን ከረዥም የምሬት ደብዳቤ ይልቅ መልስ የመስጠት ግዴታ ያስከትላል።