ከ9.8 በኋላ ያሉት አሃዞች

አዲስ አበባ ላይ በሞላ ሚዛን ልክ 100 ኪሎ የመዘነ ኩንታል ጤፍ አለ እንበል። ያንኑ ሚዛንና ያንኑ ጤፍ ይዛችሁ ስቶክሆልም ላይ ብትመዝኑት፣ አንዲት ፍሬ ሳይጨመርበት ከ400 ግራም በላይ ከብዶ ታገኙታላችሁ። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ግን ይህን ልዩነት ፈጽሞ አያሳይም፤ ስበቱ ጤፉንም የብረት መመዘኛውንም እኩል ይስባቸዋልና። ልዩነቱ የሚወጣው ሞላው ሲለጠጥ ነው።

ፊዚክስ ስንማር 9.8 የምትለዋን ቁጥር ሁላችንም ሸምድደናል፤ የሚወድቅ ነገር ፍጥነቱ በየሰከንዱ በሰከንድ 9.8 ሜትር ይጨምራል። ለፈተና ይበቃል። ወዳጆቼ፣ እኔን እንቅልፍ የሚነሱኝ ግን ከእሷ በኋላ የሚመጡት አሃዞች ናቸው። በባሕር ጠለል ከፍታ፣ የምድር ወገብ ላይ 9.780፣ ዋልታዎቹ ላይ ደግሞ 9.832 ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ከመቅረቧም ሌላ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች 9.78 እንኳ አትሞላም።

ይህን ልዩነት መጀመሪያ ያጋለጠው ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1672 ፈረንሳዊው ዣን ሪሼ ሰማይ ለመመልከት ወደ ደቡብ አሜሪካ፣ ወደ ካየን ተጓዘ። ፓሪስ ላይ በትክክል ይሠራ የነበረው የፔንዱለም ሰዓት እዚያ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ቀረ። ሪሼ ፔንዱለሙን 3 ሚሊ ሜትር ለማይሞላ ርዝመት አሳጠረውና ሰዓቱ ተስተካከለ። ኒውተን በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ልኬት ይዞ ምድር ወገቧ ላይ የተለጠጠች፣ ዋልታዎቿ ላይ የተጨፈለቀች ናት ብሎ ተከራከረ። የመላዋ ፕላኔት ቅርጽ ከአንድ ሰዓት መዘግየት ሲነበብ አስቡት!

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ይበልጥ ረቀቀ። የስበት መለኪያ አሃድ በጋሊሊዮ ስም ጋል ይባላል። ሚሊጋል ማለት ከነጥብ በኋላ አምስተኛው አሃዝ ላይ የሚታይ ለውጥ ነው፤ ከመሬት በታች ያሉ አለቶች የሚናገሩት በዚህ ቋንቋ ነው። ከባድ ማዕድን ሲኖር ስበቱ በጥቂት ሚሊጋል ከፍ ይላል፤ ቀላል ጨው ሲኖር ዝቅ ይላል። እንዲህ ያለች ለውጥ ግን ተራ ሞላን በዓይን በማይታይ መጠን ብቻ ነው የምትለጥጠው። በ1930ዎቹ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሉሲየን ላኮስት መፍትሔ አገኘ። ሞላውን ጥምዝምዞቹ እርስ በርስ ተጫጭነው እንዲቀመጡ አድርጎ ጠመዘዘው፤ ከዚያም አግድም የተዘረጋች ዘንግ ጫፏ ላይ ክብደት ይዛ በዚያ ሞላ በሰያፍ እንድትንጠለጠል አደረገ። ዘንጓ ወደ ላይም ወደ ታችም ብትል ባለችበት ሚዛኗን ልትጠብቅ ጥቂት ብቻ ስለሚቀራት፣ ኢምንት የስበት ለውጥ ብዙ ያንቀሳቅሳታል። ባለሙያው ብሎን አዙሮ ወደ ቦታዋ ይመልሳታል፤ ብሎኑ የዞረበት መጠን ልኬቱ ነው። ይህ ሁሉ ሰው ተሸክሞት ሜዳ ለሜዳ በሚዞር ሳጥን ውስጥ ይገባል።

የሥራው ዋና ድካም መቀነስ ላይ ነው። አንድ ሜትር ሽቅብ ስንወጣ ስበቱ 0.3 ሚሊጋል ያህል ይወርዳል፤ ስለዚህ ቦታው በምን ከፍታና ኬክሮስ ላይ እንዳለ ተሰልቶ መቀነስ አለበት፤ የተራራው አለት ራሱ የሚስበውም እንዲሁ። የኢትዮጵያ ደጋ ላይ ይህ ሁሉ ከተቀነሰ በኋላም ስበቱ ከሚጠበቀው በታች ይቀራል፤ ከደጋው ስር ያለው ወፍራም የምድር ቅርፊትና ከእሱ በታች ያለው የጋለ አለት ቀለል ያሉ ናቸውና። ወደ ስምጥ ሸለቆው መካከል ሲወረድ ግን ስበቱ ከዙሪያው ከፍ የሚልባቸው ቦታዎች ይገኛሉ። ቅልጥ አለት ከጥልቅ ወጥቶ ቅርፊቱ ውስጥ ገብቶ የረጋው እዚያ ነው። ጉድጓድ ሳይቆፈር አፍሪካ እንዴት እየተከፈለች እንዳለች የምናይበት መንገድ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ስምንተኛው አሃዝ፣ ወደ ማይክሮጋል እንግባ። እዚህ የሚሠራውን መሣሪያ በጣም እወደዋለሁ፤ አሠራሩ ጋሊሊዮ ቢያየው ወዲያው የሚገባው ነውና። አየር በወጣለት ቱቦ ውስጥ መስታወት ከፍ ተደርጎ ይለቀቃል፤ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወድቃል። የሌዘር ብርሃን ርቀቱን፣ አቶሚክ ሰዓት ጊዜውን ይለካሉ። መስታወቱ ተይዞ እንደገና ይለቀቃል፣ እንደገናም፣ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ። በዚህ ረቂቅነት መሣሪያው 3 ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል እንኳ ልኬቱ ይለወጣል። ጨረቃ ከአናት በላይ ስታልፍ ይታያል፤ የአየር ግፊት ሲለዋወጥ ይታያል። ከእግራችን ስር በሰፊው የተነጠፈ የአንድ ሜትር ውሃ 42 ማይክሮጋል ይጨምራል። የጣሊያኑን ኤትና እሳተ ገሞራ የሚከታተሉ ተመራማሪዎችም ከተራራው ሆድ ውስጥ ያለውን የቅልጥ አለት እንቅስቃሴ በስበት መለኪያ ይሰልላሉ።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ሳተላይቶች ራሳቸው መለኪያ የሆኑበት ተልእኮ፣ ግሬስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2017 ሁለት መንትያ ሳተላይቶች 220 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው አንዱ ሌላውን እየተከተለ ምድርን ዞሩ። ከፊት ያለው ሳተላይት የቁስ ክምችት ወዳለበት ሲቃረብ ቀድሞ ይሳብና ከኋለኛው ይርቃል፤ ትንሽ ቆይቶ ኋለኛውም ይሳባል። በመካከላቸው ያለው ርቀት በማይክሮሜትር ደረጃ እየተለካ በየወሩ የምድር የስበት ካርታ ይሣላል። ግሪንላንድ በዓመት ከ200 ቢሊዮን ቶን በላይ በረዶ እያጣች እንደሆነ በዚህ ታየ። በሰሜን ምዕራብ ሕንድ፣ በራጃስታን፣ በፑንጃብና በሃርያና፣ ከ2002 እስከ 2008 ባለው ጊዜ 109 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር የከርሰ ምድር ውሃ መጥፋቱም እንዲሁ፤ አብዛኛው ለመስኖ ተስቦ የወጣ ውሃ ነው። በ2018 የመጠቁት ተተኪዎቻቸው ርቀታቸውን በሌዘር ጭምር እየለኩ ይህንኑ ሥራ ቀጥለዋል።