ርስት ጠባቂው የሕዝብ እንደራሴ

የሕዝብ አደራ የተቀበለ ሰው ሁለት መዝገብ አለው፤ አንደኛው የተናገረበት፥ ሁለተኛው ዝም ያለበት ነው። የመጀመሪያውን ሰው ሁሉ እያነሣ ያመሰግነዋል ወይም ይነቅፈዋል፤ ሁለተኛውን ገልጦ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው፥ ከገጠር ተመርጦ አዲስ አበባ በምክር ቤት ይቀመጥ የነበረውን፥ የአባቶቼን ሥርዓት እጠብቃለሁ ይል የነበረውን የርስተኛ እንደራሴ ታሪክ ነው። ይህ የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም፤ ከየአውራጃው የመጡ ብዙዎች በአንድ ልብ የሠሩት ሥራ ስለ ሆነ፥ በአንድ ስም ጠርተን እንመረምረዋለን።

በመጀመሪያ ይህ ሰው ከወንበሩ እንዴት እንደ ደረሰ እንመልከት። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረቀቁት፥ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈረመው ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶችን አቆመ። ያን ጊዜ፥ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ተብሎ፥ የሕግ መምሪያውን አባላት የሚመርጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲታወጅ ግን ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ ወንድም ሴትም ድምፅ እንዲሰጥ ተፈቀደ፤ 200,000 ያህል ሕዝብ ያለበት የምርጫ ክልልም ሁለት እንደራሴዎች ለአራት ዓመት እንዲልክ ተወሰነ። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መባቻ ተደረገ፤ ከዚያም በ1953፥ በ1957፥ በ1961 እና በ1965 ዓ.ም. ተደገመ። የሕግ መወሰኛው አባላት ግን እስከ መጨረሻው በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ነበሩ።

በሩ ለሁሉ የተከፈተ ቢመስልም ደፉ ከፍ ያለ ነበር። የምርጫው ሕግ ተወዳዳሪው በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 1,000 ብር የሚያወጣ መሬት፥ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት እንዲኖረው ያዝዝ ነበር። የፖለቲካ ፓርቲም አልነበረም። ስለዚህ ተወዳዳሪው የሚታወቀው በቤቱ፥ በዘሩና በማዕዱ ነበር። እንደ ቦረናና እንደ ለጋምቦ ባለ፥ ሕዝቡ ከአባይ በረሃ እስከ ብርዳማው ደጋ ድረስ ተራርቆ በሚኖርበት አገር፥ ስሙ ከመንደሩ አልፎ የሚሰማለት ሰው አውድማው ሰፊ፥ ደጁ እንግዳ የማይታጣበት፥ ጠበኛ የሚያስታርቅ ባለ ርስት ነው። ጭሰኛው ድምፅ ነበረው፤ ወንበር ግን አልነበረውም።

ይህ እንደራሴ የተከላከለው ነገር ሁሉ ክፉ ነበር ማለት ግፍ ነው። በሰሜኑ አገራችን ርስት እንደ ገበያ ዕቃ የሚሸጥና የሚለወጥ አልነበረም፤ ከዋናው አባት የሚወለድ ሁሉ፥ በወንድም በሴትም በኩል ትውልዱን እየቆጠረ የሚካፈለው መብት ነበር። የእስራኤል ንጉሥ አክዓብ የወይን ቦታህን ሽጥልኝ ባለው ጊዜ ናቡቴ የአባቶቹን ርስት አልሰጥም ብሎ እንደ ሞተ የሚያውቅ ገበሬ፥ መሬቱ በገመድ ሲለካ ቢደነግጥ ሊፈረድበት አይገባም። በብዙ አገር ቀላድ ከተጣለ በኋላ ትርፍ ነው የተባለው መሬት ለመንግሥት ሲወሰድ አይቷል፤ ሰምቷልም። እንደራሴው በምክር ቤት ተነሥቶ ይህን ፍርሃት ሲናገር፥ የራሱን ጥቅም ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ልብ ይናገር ነበር።

ፍርሃቱ እውነተኛ መሆኑ በ1960 ዓ.ም. ታየ። በዚያ ዓመት በኅዳር ወር፥ አሥራትን የሚተካ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ፥ በምክር ቤቶቹ ብዙ ክርክር ከተደረገበት በኋላ ታወጀ። ከቦረና ጫፍ ቆሞ አባይን ለሚመለከት ሰው ማዶው ጎጃም ነው፤ በዚያ ማዶ ገበሬው ግብር ገማቾችን አላስገባም አለ። ግምቱ የርስቱ መወሰጃ መስሎት ነበርና ጠመንጃውን አነሣ። ጦርም አውሮፕላንም ተላከበት። በመጨረሻ መንግሥት ለዘብ አለ፤ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፤ የቆየው የግብር ውዝፍም ተማረ።

እስከዚህ ያለው የተናገረበት መዝገብ ነው። አሁን ሁለተኛውን እንግለጥ።

በዚያው ዘመን በደቡብ ጠቅላይ ግዛቶች በብዙ ቦታ ከገበሬው ቤተሰብ ከግማሽ የሚበልጠው የሌላ ሰው መሬት አራሽ ነበር። በወሎም በእኩል፥ በሲሶ ወይም በእርቦ የሚያርሰው ጥቂት አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለ መሬቱ ከምርቱ እስከ ሦስት አራተኛ ድረስ እንዲወስድ ይፈቅድ ነበር። ቤተ ክርስቲያንም ሰፊ መሬት ነበራትና፥ ነገሩ ለእኛም ቤት የራቀ አልነበረም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የጭሰኛው ጉዳይ በምክር ቤት ሲነጋገሩበት፥ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ እስከ ምክር ቤቱ ደጅ ተሰለፉ። በ1958 ዓ.ም. የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቋመ። የባለ መሬትና የጭሰኛ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፥ ኪራዩ እንዲወሰን፥ ጭሰኛው ያለ ምክንያት እንዳይነቀል የሚል ረቂቅም ቀረበ። በአርሲ የጭላሎን የእርሻ ልማት የምትረዳው ስዊድን ይህ ሕግ እንዲወጣ ትወተውት ነበር፤ በዚያ ትራክተር ሲገባ ጭሰኛው ከማሳው ይነቀል ነበርና። ረቂቁ ግን ባለ መሬቶች በበዙባቸው ምክር ቤቶች እየተጓተተ ሕግ ሳይሆን ቀረ። ለናቡቴ የጮኸው አንደበት፥ ናቡቴ ለመሆን እንኳ ርስት ለሌለው ሰው ተዘጋ።

ውጤቱን ሁላችን እናውቃለን። የመጨረሻው ምርጫ በ1965 ዓ.ም. ሲደረግ የወሎ ሕዝብ በራብ ይሠቃይ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን አውርዶ ምክር ቤቱን ዘጋ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ንብረት የሚያደርገው አዋጅ ወጣ። ከተማሪዎቹ ሰልፍ ልክ ዐሥር ዓመት በኋላ፥ በዚያው በየካቲት ወር ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር የመሳፍንቱ ምክር ቤት በ1909 እ.ኤ.አ. የመሬት ግብር የያዘውን በጀት ቢጥል፥ በ1911 እ.ኤ.አ. ሥልጣኑ በሕግ ተቀነሰ፤ ቤቱ ግን ቆመ። የእኛው እንደራሴ ከኪራዩ ጥቂት ይቀነስ ቢባል እንቢ አለ፤ ኪራዩም፥ ርስቱም፥ ወንበሩም በአንድ ዓመት ውስጥ ሄዱ። ጥቂቱን በጊዜው ያልጠገነ ሰው ሁሉን በግድ ያፈርሳል።

ይህ ያለፈ ነገር ብቻ መስሎ የሚታያችሁ እንዳትኖሩ። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፥ አይለወጥም። እኩል መስጠትና እኩል መቀበል ግን ዛሬም በደጋውም በቆላውም አለ። ነገሩም ተገልብጧል፤ ዛሬ ብዙ ጊዜ ደብተሩን የያዘችው በሬ የሌላት መበለት ወይም ጉልበቱ የደከመ አረጋዊ ነው፤ አራሹም መሬት ያልደረሰው ብርቱ ጎልማሳ ነው። ስለዚህ ደካማው ማን እንደ ሆነ በየዘመኑ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቤተሰቦች ሆይ፥ ውላችሁን በጽሑፍ አድርጋችሁ አስመዝግቡ፤ የዘሩና የገለባው ድርሻ ሳይቀር በአውድማ ላይ ሳይሆን ከእርሻ በፊት ይነገር። ቦዔዝ የእርሻ ጌታ ሳለ ለሩት ቃርሚያ እንዲተዉላት ማዘዙን ለልጆቻችሁ ንገሩ።

ከአቀስታም ይሁን ከመካነ ሰላም ሕዝብ ተወካዩን ሲልክ፥ ስለ አባቶች ሥርዓት ምን ትናገራለህ ብሎ ብቻ አይጠይቀው። አውድማ የሌለው ሰው ነገር ሲነሣ ዝም ትላለህን? ብሎም ይጠይቀው። ሁለተኛው መዝገብ የሚጻፈው ያን ጊዜ ነውና።