የግብር እፎይታ የሕዝብ ብድር ነው

ግብር የአንድ አገር ሕዝብ ከላቡ ፍሬ ቀንሶ ለጋራ ኑሮው የሚያዋጣው ድርሻ ነው። መንገዱ የሚጠረገው፣ ትምህርት ቤቱ የሚሠራው፣ ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚያገኘው፣ ዳር ድንበሩም የሚጠበቀው በዚሁ መዋጮ ነው። ስለሆነም መንግሥት በአዋጅ ተነሥቶ አንዱን ባለሀብት «ለዚህን ያህል ዓመት ግብር አትክፈል» ባለው ጊዜ መዋጮው ጨርሶ ተረሳ ማለት አይደለም። ወይ ሌላው ዜጋ ይከፍለዋል፣ ወይም ሊሠራ የታሰበው የጋራ ሥራ ሳይሠራ ይቀራል። በዚህም ምክንያት የግብር እፎይታ የመንግሥት ስጦታ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም፤ ከሰፊው ሕዝብ ኪስ የወጣ ብድር ነው። ብድር ከሆነ ደግሞ ውል፣ የጊዜ ገደብና መመለሻ ሊኖረው ግድ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረውም ይኸው ብድር በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በተለይም በሽንፋ ምድር እንዴት እንደሚመለስ ነው።

ሽንፋ በመተማ ወረዳ የሚገኝ፣ ስሙን ከወንዙ ጋር የሚጋራ አካባቢ ነው። ወንዙ ከጣና ሐይቅ በስተምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ ቆላውን ያቋርጥና ሱዳን ሲገባ ራሃድ ተብሎ ከዓባይ ጋር ይገናኛል። በ2016 ዓ.ም. «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳስረዳው፣ ከ74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በዚሁ ወንዝ ዳር የኖሩ ሰዎች ውሃው በበጋ ሲጎድል ከሚቀሩት ኩሬዎች ዓሣ እያጠመዱ ክፉውን ዘመን አሳልፈዋል። ዛሬ በአካባቢው ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ይበቅላል። ሰሊጥ ከቡና ቀጥለው ለኢትዮጵያ የውጭ ምንዛሪ ከሚያስገኙት ሰብሎች አንዱ እንደመሆኑ መጠን፣ ባለሀብት ወደዚህ ቆላ ዓይኑን ቢጥል አያስደንቅም። አነጋጋሪው ጉዳይ ባለሀብቱ መምጣቱ ሳይሆን በምን ውል መምጣቱ ነው።

የግብር ማበረታቻ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በዘውዱ ዘመን፣ በ1959 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 242 ቢያንስ 200 ሺህ ብር መዋዕለ ንዋይ ላፈሰሰ ድርጅት የ5 ዓመት የገቢ ግብር እፎይታ ይሰጥ ነበር። ትራክተርና የእርሻ ነዳጅም ያለ ቀረጥ ይገቡ ነበር። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ሲታይ እርሻን ለማዘመን የታለመ ነው። በተግባር ግን ምን ተከተለ? በአርሲ ጭላሎ፣ በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የካዱ ፕሮጀክት ባለበት አውራጃ እንኳ ባለመሬቱ ያለ ቀረጥ የገባውን ትራክተር ሲያገኝ የመጀመሪያ እርምጃው ጭሰኛውን ከመሬቱ ማፈናቀል ሆነ። ሕጉ የማሽኑን ዋጋ በማርከሱ የሰውን ጉልበት ከማሽኑ በታች አወረደው።

በዚያው ዘመን የተፈጸመው ሌላ ድርጊት የማበረታቻውን መደባዊ ጠባይ በግልጽ ያሳያል። ባለ ትራክተሩ በግብር እፎይታ ሲጠቀም፣ በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 በገበሬው ላይ ወረደ። የጎጃም ገበሬ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ተነሥቶ አልገብርም ማለቱ በታሪክ የተመዘገበ ነው። እርግጥ ነው፣ የጎጃም አመፅ ሌሎችም ምክንያቶች ነበሩት፤ ርስቴን ሊነጥቁኝ ነው የሚለው ሥጋት ከሁሉ የጠነከረው ነበር። ይሁን እንጂ ባለ በሬው ግብር ሲጨመርበት ባለ ሞተሩ ግብር የሚነሣለት ሥርዓት የገበሬውን አመኔታ ሊያገኝ እንደማይችል ያ አመፅ አስተምሯል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ከሥሩ ነቀለ፤ ሰፋፊዎቹንም የንግድ እርሻዎች ወሰደ። ይህ የታሪክ ውለታ የማይካድ ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የመጣውንም በሐቅ መመልከት ያስፈልጋል። ማዳበሪያው፣ ምርጥ ዘሩና ብድሩ በብዛት የፈሰሰላቸው የመንግሥት እርሻዎች ብዙዎቹ በኪሣራ ኖሩ፤ አገሪቱን የመገበው ግን እርዳታ የተነፈገው አነስተኛ ገበሬ ነበር። ከዚህ የምንረዳው፣ ተጠቃሚው የግል ባለሀብትም ሆነ የመንግሥት ድርጅት፣ ሒሳብ የማይጠየቅበት ድጋፍ ለሰፊው ሕዝብ ፍሬ እንደማይሰጥ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. የሥርዓት ለውጥ በኋላ አዋጆቹ በተከታታይ ወጡ፤ አዋጅ ቁጥር 15/1984፣ 280/1994፣ 769/2004፣ ከዚያም 1180/2012። ዋናው ማበረታቻ ግን በደንቦቹ ውስጥ ይገኛል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 270 እንደ ሥራው ዓይነትና እንደ ቦታው ለተወሰኑ ዓመታት ከገቢ ግብር ነፃ ያደርግ ነበር። የካፒታል ዕቃዎችና የግንባታ ዕቃዎች ያለ ቀረጥ ይገቡ ነበር፤ የካፒታል ዕቃዎቹን ዋጋ እስከ 15 በመቶ የሚደርስ መለዋወጫም እንዲሁ። ይህ ደንብ በ2014 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 517 ተተክቷል።

የደንብ ቁጥር 270ን ካርታ ከሽንፋ ሆኖ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ደንቡ ራቅ ያሉ አካባቢዎችን ለመርዳት በማሰብ፣ የእፎይታው ጊዜ ካለቀ በኋላ ለ3 ተከታታይ ዓመታት የ30 በመቶ የግብር ቅናሽ ይጨምር ነበር። ጋምቤላ፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ከአዋሽ ዳርቻ በቀር አፋር፣ ሶማሌ፣ ጉጂና ቦረና፣ እንዲሁም በደቡብ እንደ ደቡብ ኦሞ፣ ቤንች ማጂና ሸካ ያሉ ዞኖች በስም ተዘርዝረዋል። የጎንደር ቆላ ግን በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ከቋራ በስተደቡብ ወሰኑን ተሻግሮ ጉባ የገባ ባለሀብት ቅናሹን ሲያገኝ፣ በዚያው ሙቀት፣ በዚያው ወባና በዚያው የመንገድ ችግር ውስጥ በቋራ ወይም በሽንፋ የሚሠራው አያገኝም ነበር። እዚህ ላይ ቁም ነገሩ የአንዱን ክልል ጥቅም ለሌላው መመኘት አይደለም። ለተረሱ አካባቢዎች የሚሰጥ ማበረታቻ በክልል ስም ሳይሆን በኑሮው ሁኔታ፣ ማለትም በመንገዱ፣ በጤናውና በውሃው መጠን ቢለካ ፍትሐዊ ይሆናል ለማለት ነው።

ወደ ማሳው እንውረድ። በሽንፋና በአካባቢዋ መሬቱን የሚያርሱት በአንድ ዓይነት ሁኔታ የሚኖሩ አይደሉም። በኢንቨስትመንት ፈቃድ ሰፊ መሬት የያዘ ባለሀብት አለ። ነባሩ ገበሬ አለ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የሰፈራ ፕሮግራም ከደጋው የመጣ፣ ለቤተሰቡ እስከ 2 ሄክታር እንዲያገኝ የታቀደለት ሠፋሪ አለ። በአረምና በአጨዳ ጊዜ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛም አለ። ከእነዚህ መካከል በኢንቨስትመንት ሕጉ የእፎይታ ባለ መብት የሚሆነው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሰሊጡ ግን የሁሉም ላብ ነው። የሰሊጥ ፍሬ በወቅቱ ካልታጨደ ከረጢቱ ተከፍቶ መሬት ላይ ይፈስሳል፤ ስለዚህ በዚያች ጠባብ ጊዜ የወዛደሩ እጅ ካልደረሰ የባለሀብቱ ካፒታል ብቻውን አንዲት ጆንያ አይሞላም።

ያ ወዛደር የሚከፍለው ዋጋ ደግሞ በግብር መዝገብ ላይ አይታይም። ቆላው የወባና የካላዛር ምድር ነው። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የካላዛር ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሰው ሲጎዳ፣ በሽታው በቆላው እርሻ ሠርተው ከተመለሱ የቀን ሠራተኞች ጋር ወደ ደጋው እንደወጣ አጥኚዎች ገምተዋል። እንግዲህ ሒሳቡን እናስላ። ትርፉ ከቆላው ከግብር ነፃ ሆኖ ይወጣል፤ ሕመሙ ወደ ደጋው ይሄዳል፤ የሕክምናው ወጪ ግን በግብር ከፋዩ ሕዝብና በእርዳታ ድርጅቶች ትከሻ ላይ ይወድቃል። ለሠራተኞቹ ንጹሕ ውሃ፣ አጎበርና ሕክምና ያላቀረበ እርሻ የግብር እፎይታ ሲያገኝ ሕዝቡ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ደኑም እንዲሁ ነው። የመተማና የቋራ ቆላ የዕጣን ዛፍና የሽመል አገር ነው። የዕጣን ዛፍ በድርቅ የሚጸና፣ ሳይቆረጥ ለብዙ ዓመት ገቢ የሚሰጥ ሀብት ሲሆን፣ በእርሻ መስፋፋት፣ በእሳትና በከብት ግጦሽ ምክንያት ችግኙ ሳይተካ እየቀረ ነው። መሬት በሄክታር እየተቆጠረ ማበረታቻ ሲሰጥ የቆመ ዛፍ ከዜሮ ይቆጠራል። በዚህ ዓይነት ሕጉ ሳያስበው ለምንጣሮ ሽልማት ይሰጣል።

ይህ መንገድ የት እንደሚያደርስ ለማወቅ ከመተማ ዮሐንስ ማዶ ገላባትን አልፎ የገዳሪፍን ሜዳ ማየት ይበቃል። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1968 የሜካናይዝድ እርሻ ኮርፖሬሽን አቋቁማ፣ በዓለም ባንክ ብድር ጭምር እየተረዳች ሰፋፊ መሬት በርካሽ ኪራይ ለነጋዴዎች አከፋፈለች። ብዙዎቹ ያለ ዕረፍት አንድ ዓይነት ሰብል እየዘሩ አፈሩ ሲደክም ጥለውት ወደ አዲስ መሬት ተሸጋገሩ። አርብቶ አደሩ መንገዱን፣ መሬቱም ዛፉን አጣ። በራሳችንም አገር፣ በጋምቤላ፣ ካሩቱሪ የተባለው የሕንድ ኩባንያ በ2003 ዓ.ም. በተፈረመ ውል 100 ሺህ ሄክታር በዓመት በሄክታር 20 ብር ተከራይቶ ነበር። መንግሥት በ2008 ዓ.ም. ውሉን ያፈረሰው የለማው 1,200 ሄክታር ብቻ ነው በማለት ነበር። ርካሽ መሬትና የግብር እፎይታ ብቻቸውን ልማትን እንደማያስገኙ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ታዲያ ማበረታቻ ይቅር ማለታችን ነውን? አይደለም። ድሀ አገር ካፒታልን የሚስብበት መንገድ ያስፈልገዋል። ልዩነቱ ማበረታቻው ለፈቃድ ወረቀት ወይስ ለተጨበጠ ውጤት ይሰጣል በሚለው ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻና የመስኖ መሣሪያዎች ያለ ቀረጥ እንዲገቡ መወሰኑ ዕቃውን እንጂ ሰውየውን ያልመረጠ በመሆኑ ትክክለኛ እርምጃ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991ም ማኅበራቱን ከገቢ ግብር ነፃ ሲያደርግ፣ አባሉ በትርፍ ድርሻው ላይ ግብር እንዲከፍል ደንግጎ ነበር። በዚህ ውስጥ ጥሩ መርሕ አለ፤ የጋራው ጥሪት እስኪጠና ይታገሣሉ፣ ትርፍ ወደ ግል ኪስ ሲገባ ግን ድርሻውን ይጠይቃሉ።

የሽንፋ ሰሊጥ በአብዛኛው ጥሬውን በጆንያ ተጭኖ ይወጣል። በአንጻሩ አገሪቱ የፓልም ዘይት ከውጭ ትገዛለች። ሰሊጥ ውድ ስለሆነ ሁሉንም ዘይት እናድርገው ማለት አይበጅም፤ ነገር ግን ሰሊጡን መፈልፈል፣ ማጽዳትና ጣሂና ማድረግ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ቋሚ ወዛደር ይፈጥራል። እንግዲህ ረዥሙ እፎይታ መሬት ለሚያሰፋው ሳይሆን በገንዳ ውኃና በአካባቢው ፋብሪካ ለሚተክለው፣ ዝናብ ብቻ ለሚጠብቀው ሳይሆን ውሃ ለሚያጠራቅመው ቢሆን ብድሩ ይመለሳል። ከዚህም በላይ ባለሀብት አስቀድሞ የሚጠይቀው መንገድና ሰላም ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን የተነሣው ጦርነትና በዚያው ዓመት ማብቂያ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት፣ ጥይት በሚጮህበት አገር የግብር ቅናሽ ብቻውን እርሻ እንደማያቆም አሳይተዋል።

ይህ ሁሉ የባለሥልጣን ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ መተው አይገባም። አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ኢንቨስትመንት አካባቢንና ማኅበራዊ እሴትን የሚያከብር እንዲሆን ያዛል፤ ይህን ትእዛዝ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው የቀበሌው ነዋሪ ነው። ስለዚህ በየቀበሌው ስብሰባና በየሠራተኛ ማኅበሩ አራት ጥያቄዎች በድፍረት ሊነሡ ይገባል። አንደኛ፣ በአካባቢያችን እፎይታ ያገኘው ማን ነው፤ እስከ መቼስ? ሁለተኛ፣ ከተረከበው መሬት ምን ያህሉን አለማ? ሦስተኛ፣ ያለ ቀረጥ የገባው ትራክተርና መኪና ዛሬ የት ይሠራል? አራተኛ፣ ስንት ቋሚ ሠራተኛ ቀጠረ፤ የቀን ሠራተኛውስ የሚጠጣው ምን ውሃ ነው፤ የሚያድረው የት ነው?

እነዚህ ጥያቄዎች ባለሀብትን የማባረሪያ ዱላ አይደሉም። ውሉን ያከበረ ባለሀብት መልሱን በኩራት ይሰጣል፤ ሕዝቡም እንደ ወዳጅ ያየዋል። የሚሸሻቸው ሕጉን እንደ መደበቂያ የያዘ ብቻ ነው። የሽንፋ ገበሬ እፎይታ ሳይጠይቅ ግብሩን በየዓመቱ ይከፍላል፤ ደረሰኙንም አጥፎ በጥንቃቄ ያስቀምጣል። ያቺ ደረሰኝ ለባለሀብቱ የተሰጠው ብድር ዋስትና ናትና፣ ብድሩ ምን እንደሠራ የመጠየቅ ሙሉ መብት ታጎናጽፈዋለች። ሕዝብ በዚህ መብቱ ሲሠራ አዋጁ ከወረቀት ወርዶ በማሳው፣ በጤና ጣቢያውና በፋብሪካው ይታያል።