በጢስ ፈተና ስለ ወደቀ አሮጌ አውቶሞቢል

በአንድ ቤት ብዙ ዘመን ያገለገለ አውቶሞቢል እንደ ተራ ዕቃ አይቈጠርም። ባለቤቱን ወደ ሥራው፤ ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት፤ የታመመውን ወደ ሐኪም ሲያመላልስ የኖረ ስለ ሆነ፤ ከቤተ ሰቡ ጋራ የተዛመደ ያህል ይታያል። ስለዚህ አንድ ቀን መርማሪው «የዚህ አውቶሞቢል ጢስ ከተፈቀደው በላይ ነው፤ እስኪጠገን ድረስ የመንገድ ፈቃድ አይታደስለትም» ያለ እንደ ሆነ፤ ጭንቀቱ የሾፌሩ ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰቡ ሁሉ ይሆናል። ችግሩም እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን መድኃኒት የሌለው አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱን የሚጐዳው ብልሽቱ ሳይሆን በችኰላ የሚደረገው ጥገና ነው። ይህንንም ለማስረዳት በአንድ ወዳጃችን ላይ የደረሰውን ነገር ምሳሌ አድርገን ለክቡራን አንባብያን እናቀርባለን።

ወዳጃችን የሚኖሩት በአሜሪካ አገር፤ በካሊፎርንያ ስቴት፤ በሎስ አንጀለስ ከተማ ነው። ይህ ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ሲሆን፤ ፌርፋክስ ከሚባለው ጐዳና አንዱ ክፍል በ2002 ዓ.ም. «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰይሟል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ወዳጃችን በ1995 ዓ.ም. የተሠራ ቶዮታ ኮሮላ አላቸው። በካሊፎርንያ ሕግ እንዲህ ያለው አሮጌ አውቶሞቢል በየሁለት ዓመቱ የጢስ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ካላለፈ ግን እኛ በአገራችን ቦሎ የምንለው ዓመታዊ ፈቃድ አይታደስለትም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህ አውቶሞቢል በፈተናው ወደቀ። የፈቃዱ ማለቂያ ቀን ቀርቦ ነበርና ወዳጃችን በድንጋጤ ወደ አንድ ጋራዥ ሄዱ። የጋራዡም ሰው የምርመራውን ወረቀት በወጉ ሳያነብ «ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ አልቋል፤ መለወጥ ብቻ ነው» አላቸው። ወዳጃችንም እናታቸውን ከአዲስ አበባ ለማስመጣት ለአውሮፕላን ትኬት ካስቀመጡት ገንዘብ አንሥተው ከፈሉ፤ አውቶሞቢሉም አለፈ። ነገር ግን ሁለት ዓመት በሞላ ጊዜ ያው አውቶሞቢል በዚያው ጢስ እንደ ገና ወደቀ። በብዙ ገንዘብ የተገዛውም አዲስ ዕቃ ከጥቅም ውጭ ሊሆን ደርሶ ተገኘ። የእናት መምጣትም ለሁለተኛ ጊዜ የሚዘገይ መሰለ።

እንዲህ ያለ ጥብቅ ሕግ ስለ ምን ወጣ? የሚል ሰው ቢኖር፤ ታሪኩ የሚከተለው ነው። ሎስ አንጀለስ በባሕርና በተራራ መካከል የምትገኝ ፀሐይ የበዛባት ከተማ ናት። በሐምሌ ወር 1943 ዓ.ም. ዐይን የሚያቃጥልና ጕሮሮ የሚከረክር ጭጋግ በከተማዋ ላይ ወረደ፤ የጦርነት ዘመን ስለ ነበረም ጠላት በመርዝ ጋዝ የመጣ የመሰላቸው ነበሩ። በኋላም በ1950ዎቹ መጀመሪያ፤ በትውልዱ ሆላንዳዊ የሆነ አሪ ሃገን ስሚት የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ፤ ያልተቃጠለ ነዳጅና የናይትሮጅን ኦክሳይድ በፀሐይ ብርሃን ተዋሕደው ኦዞን የሚባለውን ሳንባ የሚጐዳ ጋዝ እንደሚፈጥሩ ገለጠ። ካሊፎርንያም ከ1966 ሞዴል ጀምሮ ለአዳዲስ አውቶሞቢሎች የጢስ ወሰን ደነገገች፤ በ1984 ዓ.ም. ደግሞ የዛሬው የጢስ ፈተና ሥራ ጀመረ። ስለዚህ ፈተናው ገንዘብ መሰብሰቢያ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር፤ ጢሱን ከሁሉ አስቀድሞ የሚተነፍሱት በመንገዱ ዳር የሚጫወቱት ሕፃናት መሆናቸውን ሊያስብ ይገባዋል።

ፈተናው የሚደረገው እንዲህ ነው። በ2000 ዓ.ም. እና ከዚያ ወዲህ የተሠሩት የቤት አውቶሞቢሎች በሽቦ ከራሳቸው ኮምፒዩተር ጋራ ተገናኝተው ይመረመራሉ። ከ1976 እስከ 1999 ዓ.ም. የተሠሩት ግን፤ የአየር መበከል በበረታባቸው አውራጃዎች፤ ጎማቸው በሚሽከረከሩ ብረቶች ላይ ተቀምጦ በሰዓት 15 ማይል፤ ቀጥሎም 25 ማይል እንዲሮጡ ይደረጋሉ፤ ይኸውም 24 እና 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ጊዜ በማርሚታው ጫፍ ቀጭን ቱቦ ገብቶ ጢሱ ይለካል። መርማሪው የነዳጅ መሙያውን ክዳንና ልዩ ልዩ ቱቦዎችንም ይመለከታል። በመጨረሻ የሦስት ጋዞች መጠንና የተፈቀደው ወሰን ጐን ለጐን የተጻፈበት ወረቀት ለባለቤቱ ይሰጣል። ይህ ወረቀት ለአውቶሞቢሉ እንደ ደም ምርመራ ነውና፤ አንድ ብሎን ሳይፈታ አስቀድሞ እርሱን ማንበብ ያስፈልጋል።

ፊተኛው ጋዝ ሃይድሮካርቦን የሚባለው ነው፤ ይኸውም ሳይቃጠል ያመለጠ ቤንዚን ማለት ነው። ይህ ብቻውን በርክቶ የተገኘ እንደ ሆነ፤ ከሲሊንደሮቹ አንዱ እሳት እየሳተ ይሆናል። ያረጀ ካንዴላ፤ የተሰነጠቀ የካንዴላ ሽቦ፤ ወይም አየር በስርቆት የሚያስገባ የተቀደደ ጎማ ቱቦ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ የሚበዛው ቤንዚኑ ከአየሩ በላይ ሲሆን ነው። ለአንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ መቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል፤ አየሩ ሲያንስ ነዳጁ በከፊል ይቃጠላል። የአየር ፊልትሮ በአቧራ ሲደፈን፤ የነዳጅ ግፊት ከልክ ሲያልፍ፤ ወይም በጢስ መውጫው ላይ ሆኖ ለኮምፒዩተሩ ወሬ የሚያቀብለው የኦክስጅን ሴንሰር ሲደክም ይህ ነገር ይደርሳል። ብዙ ጊዜ ያልተለወጠ ዘይትም ቤንዚን እየጠጣ ስለሚኖር፤ ትነቱ ወደ ሞተሩ ተመልሶ ይህንኑ ጋዝ ይጨምራል።

ሦስተኛው የናይትሮጅን ኦክሳይድ ነው። ይህ የሚወለደው ከሙቀት ነው፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ሙቀት ከ1,370 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ሲወጣ በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከኦክስጅን ጋራ ይዋሐዳል። ሙቀቱን ለማብረድ ከጢሱ ጥቂቱን ወደ ሞተሩ የሚመልስ ባልቦላ አለ፤ የርሱ መተላለፊያ በጥላሸት ሲደፈን ይህ ጋዝ ይበዛል። የራዲያቶር ውኃ ማነስም፤ የእሳቱ ጊዜ መቅደምም እንዲሁ ያደርጋል።

እንግዲህ ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሚባለው ዕቃ በማርሚታው በኩል ተቀምጦ እነዚህን ሦስቱን ጋዞች የሚያጠራ ነው። በውስጡም ፕላቲኒየም፤ ፓላዲየምና ሮዲየም የሚባሉ ውድ ማዕድናት ስላሉበት ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ሥራውም የሚጀምረው በሚገባ ከሞቀ በኋላ ነው። ነገር ግን ይህ ዕቃ ከሞተሩ የሚመጣውን ጥቂት እድፍ ሊያጥብ ተሠራ እንጂ፤ የታመመ ሞተር የሚያፈሰውን ሁሉ ሊሸከም አልተሠራም። ያልተቃጠለ ቤንዚን ሲበዛበት በውስጡ እየነደደ ከልክ በላይ ያግለዋል፤ በመጨረሻም ያቀልጠዋል።

ወዳጃችን በሁለተኛው ጊዜ ወረቀቱን ይዘው የሄዱት ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ነበር። ሽማግሌው የፊተኛውንም የኋለኛውንም ወረቀት ጠይቀው ሁለቱን ጐን ለጐን አድርገው አነበቡ። በሁለቱም ላይ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮካርቦን በዝተው፤ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ግን ከወሰኑ በታች ሆኖ አገኙ። ከዚህ በኋላ «ልጄ፤ ይህ ዕቃ እንዲህ ቶሎ በራሱ አይሞትም፤ ሌላ ነገር ይገድለዋል እንጂ። ገዳዩን ሳትይዝ አዲስ ብትተካ፤ አዲሱንም ይገድለዋል» አሏቸው።

ሽማግሌው ሥራቸውን የጀመሩት ዋጋው ከሚያንሰው ነገር ነው። የአየር ፊልትሮውን አውጥተው በብርሃን አዩት፤ በአቧራ ጠቍሮ ነበር። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዝዘው አሸተቱ፤ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ካንዴላዎቹን ፈትተው ተመለከቱ፤ ደረቅ ጥላሸት ለብሰዋል፤ ይህም የቤንዚን መብዛት ምልክት ነው። በመጨረሻም ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላ የኦክስጅን ሴንሰሩን በቮልት መለኪያ መረመሩ። ጤነኛ ሴንሰር በ0.1 እና በ0.9 ቮልት መካከል ፈጥኖ ይመላለሳል፤ የዚህ ግን ዝቅ ብሎ እንደ ቆመ ቀረ። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ «ቤንዚን አንሷል» የሚል ሐሰተኛ ወሬ እየደረሰው ለብዙ ጊዜ ያለ ልክ ቤንዚን ሲጨምር ኖሯል። የማስጠንቀቂያው መብራት አለመብራቱም ማስረጃ አልሆነም፤ በዚያ ዘመን በተሠሩት አውቶሞቢሎች ሴንሰሩ ደክሞ ሳለ መብራቱ ዝም ሊል ይችላልና። ወዳጃችን ገንዘባቸውን የበላውን ነገር በዐይናቸው አዩት፤ እርሱም ከኮንቨርተሩ እጅግ በሚያንስ ዋጋ የሚገዛ፤ ከጣት ብዙ የማይበልጥ ዕቃ ነበር።

ሴንሰሩ፤ ካንዴላዎቹ፤ ፊልትሮውና ዘይቱ ተለወጡ። ከዚያም በኋላ ቁርጠኛውን ፈተና ከመፈተን በፊት የሙከራ ፈተና አስደረጉ፤ በካሊፎርንያ ውጤቱ ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የማይተላለፍ እንዲህ ያለ ሙከራ ማድረግ ይፈቀዳልና። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ወርዶ ተገኘ፤ ሃይድሮካርቦኑ ግን ጥቂት ከወሰኑ በላይ ቀረ። የተቃጠለው ኮንቨርተር ኃይሉ ደክሞ ነበርና እርሱም መለወጡ አልቀረም። በዚህ ጊዜ ግን የተገጠመው ዕቃ ለዚያው ሞዴል በስቴቱ የተፈቀደ መሆኑን የሚያሳየው ቍጥር ተመርምሮ ነው፤ ያልተፈቀደ ኮንቨርተር የገጠመ አውቶሞቢል ጢሱ ንጹሕ ቢሆን እንኳ በፈተናው ይወድቃል። አውቶሞቢሉም አለፈ፤ ከዚህም በኋላ በተከተለው ፈተና ያለ አንዳች ጥገና ደግሞ አለፈ። ወዳጃችን ግን ለአንድ በሽታ ሁለት ጊዜ ከፍለዋል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። በመጀመሪያ ወረቀቱን ማንበብና የትኛው ጋዝ ከወሰን እንዳለፈ ማወቅ ይገባል። ቀጥሎ ዘይትን፤ ፊልትሮን፤ ካንዴላን፤ ቱቦዎችንና የነዳጅ ክዳንን መመርመር፤ ከዚያም ሴንሰሮችን መለካት ነው። ኮንቨርተሩ የመጨረሻው ይሁን። ወደ ፈተናውም ሲሄዱ ሞተሩ በሚገባ እንዲሞቅ ሃያ ደቂቃ ያህል መንዳት ይረዳል፤ ቀዝቃዛ ኮንቨርተር አያጠራምና። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የተሠራ አውቶሞቢል ያላቸው ሰዎች ደግሞ የማስጠንቀቂያውን መብራት ለማጥፋት ብለው የባትሪውን ሽቦ ነቅለው ወዲያው ወደ መርማሪው እንዳይሄዱ፤ ኮምፒዩተሩ ትዝታው እንደ ተፋቀ ስለሚናገር ፈተናው አይሳካላቸውም። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ባለቤቶችም ስቴቱ ለጥገና የሚሰጠው ርዳታ ስላለ፤ ከመበደር በፊት ስለዚሁ መጠየቅ ይበጃል።

ለቤተ ሰብ ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ መልክም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥም የኦክስጅንን ስፍራ ይዞ ሰውን ይገድላል። ስለዚህ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ፤ ለማሞቅም ቢሆን፤ ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን፤ ሞተር ማስነሣት አይገባም። በአውቶሞቢል ውስጥ የተቀመጡ ልጆች ራሳቸውን ካመማቸውና ካቅለሸለሻቸው፤ መስኮቱን ከፍቶ ወዲያው ማቆምና ማስወረድ፤ ማርሚታውንም ማስመርመር ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ በአገራችን ላለውም አውቶሞቢል የሚሠራ ምክር ነው። በ2024 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፤ በየቤቱ ያሉት አሮጌዎች ገና ብዙ ዘመን ማገልገላቸው አይቀርም። አዲስ አበባም ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ካርቡራቶሩ ለቆላ የተስተካከለ አሮጌ አውቶሞቢል በዚህ ከተማ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ጥቍር ጢስም ያወጣል፤ ካርቡራቶሩን ለደጋ አየር ማስተካከል ነዳጅንም ጤናንም ያድናል።

የወዳጃችን እናት ዘግይተውም ቢሆን ሎስ አንጀለስ ደርሰዋል። ከአውሮፕላን ጣቢያም የተቀበላቸው ያው አሮጌ ኮሮላ ነው። ወዳጃችን ዛሬ የፈተናውን ወረቀቶች ሁሉ ከልጆቻቸው የክትባት ወረቀት ጋራ በአንድ መሳቢያ ያስቀምጣሉ፤ ማንም መካኒክ አውቶሞቢሉን ከመንካቱ በፊትም አውጥተው ያስነብቡታል። እኛም አንባብያንን ይህንኑ እንዲያደርጉ እንመክራለን።